ባለ ሁለት ገጽ ፒዲኤፍ ለምን 60 ወረቀት ይበላል? የኔትወርክ ፕሪንተርን በትእዛዝ መስመር ስለመትከል

የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦

«ስክሪን የሌለው ሊኑክስ ሰርቨር አለኝ። የምገባው ከሩቅ፣ በኤስኤስኤች የትእዛዝ መስመር ብቻ ነው። ማታ ማታ አንድ ስክሪፕት ሪፖርት አዘጋጅቶ ኔትወርክ ላይ ባለ ሌዘር ፕሪንተር እንዲያትም እፈልጋለሁ። ያገኘሁትን ትእዛዝ ገልብጬ ፕሪንተሩን በፖርት 9100፣ ሞዴሉን ‹ሮው› ብዬ አስገባሁት። ተራ ጽሑፍ ስልክ ይወጣል፤ ግን መስመሩ እየተንሸራተተ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ባለ ሁለት ገጽ ፒዲኤፍ ስልክ 60 ወረቀት የማይነበብ ምልክት ተፋብኝ። ይባስ ብሎ ከትናንት ጀምሮ ጭራሽ ዝም ብሏል፤ 14 ሥራ ወረፋ ላይ ተደርድሮ ቀርቷል። ፕሪንተሩን አጥፍቼ ባበራውም ያው ነው። ደግሞስ ከተሳካልኝ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች በዚሁ ሰርቨር በኩል ማተም ይችላሉ?»

ወዳጄ፣ መጀመሪያ ደህናውን ልንገርህ፤ ፕሪንተርህ ጤነኛ ነው። ሰርቨርህም እንደዚያው። የገጠሙህ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ ተደራርበው ስለመጡ አንድ ትልቅ ብልሽት መሰሉህ። አንዱ የቋንቋ ነው፤ ሰርቨሩ ፕሪንተሩ በማይሰማው ቋንቋ ያወራዋል። ሌላው የአድራሻ ነው፤ ፕሪንተሩ ቤት ቀይሯል፣ ሰርቨሩ ግን የድሮውን በር እያንኳኳ ነው። ሁለተኛውን ገና እናረጋግጠዋለን፤ ግን ተወራረድ ብትለኝ እሱ ነው እላለሁ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር። ትእዛዞቹን የጻፍኳቸው ሲነበቡ እንደሚሰሙት ነው። አንተ ተርሚናሉ ላይ ስትተይብ በላቲን ፊደል፣ በትንንሹ ነው። ትልቅ ፊደል የሚፈልገውን ለይቼ እናገራለሁ። ‹ኤልፒ› ሁለቱ ፊደላት ናቸው፤ ‹ኤልፒስታት› እነሱኑ ‹ስታት› ከሚለው ጋር አጣብቀህ ነው። ባዶ ቦታ የምትተወው እኔ በተውኩበት ብቻ ነው።

እስቲ ከዚያ 60 ወረቀት ውስጥ የመጀመሪያውን አንሳው። ካልጣልከው ማለቴ ነው። አናቱ ላይ የመቶኛ ምልክት፣ ‹ፒዲኤፍ› የሚል ቃል፣ ሰረዝና እንደ 1.4 ወይም 1.7 ያለ ቁጥር ታገኛለህ። ይህ የፒዲኤፍ ፋይል የመጀመሪያው መስመር ነው። ፋይሉን በተራ የጽሑፍ ማረሚያ ብትከፍተው የምታየው እሱኑ ነው። ፕሪንተሩ ሰነዱን እንደ ሰነድ ሳይሆን ፊደል በፊደል ነው ያነበበው። ከሥሩ ያለው ዝብርቅርቅ የታመቀ ዳታ ነው። በዚያ ዳታ መሃል ዋጋው 12 የሆነ ባይት በመጣ ቁጥር ፕሪንተሩ «ገጹን ጨርስ፣ ወረቀቱን አውጣ» ተባልኩ ብሎ ያስባል። ሁለት ገጽ 60 የሆነው በዚህ ነው። አንዳንዱ ወረቀት ላይ ሁለት ሦስት ምልክት ብቻ ኖሮ ቀሪው ነጭ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

የመስመሩ መንሸራተትም የዚሁ ዘመድ ነው። ሊኑክስ ላይ የተጻፈ ፋይል መስመር ሲጨርስ ያለው ምልክት «ወደ ታች ውረድ» የሚል ብቻ ነው። ፕሪንተሩ ግን «ወደ ግራ ጠርዝ ተመለስ» የሚለውንም ይጠብቃል። ካልመጣለት ይወርዳል እንጂ አይመለስም። ጽሑፉ እንደ ደረጃ እየወረደ ሄዶ በቀኝ በኩል ከወረቀቱ ይወድቃል።

የሁለቱም ጥፋተኛ ‹ሮው› የምትለዋ ቃል ናት። ትርጉሟ «የሰጠሁህን ሳትነካ አቀብል» ነው። ሰርቨሩም እንደታዘዘው አቀበለ። እሱን ምን ታደርገዋለህ? ሮው የሚጠቅምበት ቦታ አለ፤ ለምሳሌ ፕሮግራሙ ራሱ በፕሪንተሩ ቋንቋ ጽፎ የሚልክላቸው የባርኮድ ላቤል ማተሚያዎች አሉ። ፒዲኤፍ ለማተም ግን አይሆንም። ካፕስ ራሱ ሮው ወረፋ ስትፈጥር ወደፊት እንደማይደግፈው ያስጠነቅቅሃል።

ካፕስ ያልኩት ሊኑክስ ላይ የህትመቱን ሥራ የሚመራው ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ተጀመረ፤ በ1999 ወጣ፤ አፕል በ2002 ማክ ውስጥ አስገባው፤ በ2007 ኮዱን ገዛው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር ማክ ተርሚናል ላይም ይሠራል። ትእዛዞቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ የሚያምታቱህ ደግሞ ካፕስ የሁለት የድሮ ዩኒክስ ቤተሰቦችን ልማድ ስለወረሰ ነው። በአንዱ ቤት ‹ኤልፒአር› ብለህ ታትማለህ፣ በሌላው ‹ኤልፒ›። ሁለቱም እዚያው ያደርሱሃል። እኔ ኤልፒን እመርጣለሁ፤ ስትልክበት የሥራውን ቁጥር ይነግርሃልና። ኤልፒአር ዝም ብሎ ይመለሳል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ካፕስ የተተከለለትን ፕሪንተር ‹ወረፋ› ነው የሚለው፤ አንድ ወረፋ ስትተክል የምትመልሰው ሦስት ጥያቄ ነው። ሥራው የት ይሂድ? በምን ቋንቋ ይሂድ? በሩስ ክፍት ነው? ብዙ ሰው የመጀመሪያውን መልሶ ሌሎቹን ከሆነ ቦታ ይገለብጣል። ከዚያ «ፕሪንተሩ ተበላሸ» ይላል።

እንግዲህ ያለውን እንይ፦

ኤልፒስታት -ቲ

ይህ ሁሉንም ያወጣልሃል፤ ካፕስ መነሳቱን፣ ያሉትን ወረፋዎች፣ የእያንዳንዱን አድራሻ፣ ሥራ መቀበል አለመቀበሉን፣ የተደረደሩትን ሥራዎች። አንተ የምትፈልገው አድራሻው ያለበትን መስመር ነው። ‹ሶኬት› ብሎ ጀምሮ የአይፒ ቁጥር፣ መጨረሻው ላይ 9100 ይላል። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፈው።

ቀጥሎ ሰዎች የሚዘሉት ነገር አለ። እነዚያን 14 ሥራዎች አሁኑኑ አጥፋቸው፦

ካንስል -ኤ ሪፖርት

‹ሪፖርት› ያልኩት የወረፋህን ስም ነው። ለምን አሁን? ግንኙነቱ በተመለሰባት ቅጽበት 14ቱም ተከታትለው ይወጣሉ። ወረፋህ ደግሞ አሁንም ሮው ነው። እኔ አንድ ጊዜ ይህን ረስቼ አድራሻውን ብቻ አስተካክዬ ውሃ ልጠጣ ተነሳሁ። ስመለስ ፕሪንተሩ ትሪውን ጨርሶ ወለሉ በወረቀት ተሸፍኗል፤ እያንዳንዱ ላይ አንድ የጥያቄ ምልክትና አንድ ክብ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉሃል እንዲህ ነው። ሥራዎቹን ካጠፋህ በኋላም ፕሪንተሩ ምልክት መትፋቱን ካላቆመ፣ የራሱ ሜሞሪ ውስጥ የገባ ቀሪ ነው። አጥፍተህ አብራው።

አሁን ፕሪንተሩን እንፈልገው። የድሮውን ቁጥር ፒንግ አድርገው፤ ማለትም «አለህ?» ብለህ ጠይቀው። ፕሪንተሩ በርቶ ሳለ መልስ ከሌለ አድራሻው ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። መልስ ቢኖርም ግን አትመን። ያንን ቁጥር አሁን የያዘው ሌላ ዕቃ፣ ምናልባት የአንዱ ስልክ፣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሩንም እንይ፦

ኤንሲ -ዜድ -ቪ -ደብሊው 3 192.168.1.50 631

ቁጥሩን በራስህ ተካው። ይህ «በ631 በኩል የሚከፍት አለ?» ብሎ ሦስት ሰከንድ የሚጠብቅ ትእዛዝ ነው። 631 አይፒፒ የሚባለው የህትመት ፕሮቶኮል መደበኛ ፖርት፣ ማለትም የግንኙነት በር፣ ነው። ስልክ በዚህ በር አይከፍትልህም፤ አብዛኛው ፕሪንተር ግን ይከፍታል።

ፕሪንተሩ አሁን የት እንዳለ ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ፦

አይፒፒፋይንድ

ይህ በኔትወርኩ ውስጥ «አይፒፒ የምትናገሩ እነማን ናችሁ?» ብሎ ይጣራል፤ የሰሙት ሙሉ አድራሻቸውን ይመልሳሉ። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ትእዛዙ ከሌለ ‹ካፕስ-አይፒፒ-ዩቲልስ› የሚባለውን ፓኬጅ ጫን። ጥሪው በዩዲፒ ፖርት 5353 የሚሄድ የሰፈር ጥሪ ነው፤ ራውተር አይሻገርም። ሰርቨሩና ፕሪንተሩ በተለያየ ንዑስ ኔትወርክ ላይ ካሉ ዝምታ ብቻ ነው የምታገኘው። ዝምታው ፕሪንተሩ የለም ማለት አይደለም። ሁለተኛው መንገድ የድሮው ነው፤ ወደ ፕሪንተሩ ሄደህ ከመቆጣጠሪያው ሜኑ የኔትወርክ ማዋቀሪያ ገጹን አሳትመው። አይፒው እዚያ ላይ ተጽፏል። ገጹን አትጣለው፤ ማክ አድራሻውም (የኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር ነው፤ ከአፕሉ ማክ ጋር አይገናኝም) እዚያው ላይ ነው፤ አሁን ያስፈልገናል።

ፕሪንተሩ አድራሻ የሚቀይረው ራውተሩ ቁጥር በኪራይ ስለሚሰጠው ነው። ጠፍቶ ሲነሳ የቀድሞውን ሊያገኝ ይችላል፤ ሌላም ሊሰጠው ይችላል። አጥፍተህ ማብራትህ ያልጠቀመህ ለዚህ ነው፤ ሰርቨሩ የአድራሻውን መቀየር አያውቅም። ዘላቂው መፍትሔ ራውተሩ ላይ ለዚያ ማክ አድራሻ ቋሚ አይፒ ማስያዝ ነው። አንዳንዱ ሰው ፕሪንተሩ ላይ ቁጥሩን በእጁ ይጽፋል። ይሠራል፤ ግን ራውተሩ ያንኑ ቁጥር ለሌላ ሊሰጠው ስለሚችል ሌላ ጣጣ ትገዛለህ። ሌላው አማራጭ በቁጥር ፈንታ በነጥብ ‹ሎካል› የሚያልቀውን የፕሪንተሩን ስም መጠቀም ነው። በግል ኮምፒውተር ላይ ግሩም ነው። ሰርቨር ላይ ግን ስሙን ወደ ቁጥር የሚፈታው አቫሂ የሚባለው አገልግሎትና አጋዡ ብዙ ጊዜ አይጫኑም። ለአንተ ሁኔታ ራውተሩ ላይ የተያዘ ቋሚ አይፒ ይሻላል።

አድራሻው ከተረጋጋ የድሮውን ወረፋ ጥለን አዲስ እንትከል። መጠገን ይቻላል፤ ግን ሮው የነበረን ወረፋ ከመነካካት ከባዶ መጀመር ይቀላል፦

ሱዱ ኤልፒአድሚን -ኤክስ ሪፖርት

ሱዱ ኤልፒአድሚን -ፒ ሪፖርት -ኢ -ቪ አይፒፒ://192.168.1.50/አይፒፒ/ፕሪንት -ኤም ኤቭሪዌር

‹ሱዱ› ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን አስኪድ ማለት ነው። የመጀመሪያው ይሰርዛል፤ ሁለተኛው ይተክላል። ሁለተኛውን ቀስ ብለን እንፍታው፤ የምላሼ ልብ እዚህ ነው።

‹ፒ› የወረፋው ስም ናት። ስሙ ውስጥ ባዶ ቦታ፣ ወደፊት ያዘነበለ ሰረዝና የቁጥር ምልክቷ መሰላል አይፈቀዱም። አጭርና በትንንሽ ፊደል አድርገው፤ ስክሪፕቱ ውስጥ በየቀኑ የምትጠራው እሱ ነው።

‹ቪ› «የት?» ለሚለው መልስ ናት። ከዚህ በፊት ሶኬትና 9100 ነበር፤ አሁን አይፒፒ ሆኗል። ለነገሩ 9100 በራሱ ኃጢአት የለበትም፤ ትክክለኛ ድራይቨር፣ ማለትም ሰነዱን ወደ ፕሪንተሩ ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም፣ ብትሰጠው ኖሮ ፒዲኤፍህ በደንብ ይወጣ ነበር። ግን 9100 ዳታ የሚፈስበት ቱቦ ነው። ሥራውን ታፈሳለህ፤ ከወዲያ በኩል የሚመጣ ወሬ እምብዛም የለም። አይፒፒ በኤችቲቲፒ ላይ የተሠራ ጥያቄና መልስ ነው። ሰርቨሩ «ምን ዓይነት ወረቀት አለህ? ሁለቱንም ገጽ ታትማለህ? ቀለም አልቋል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ፕሪንተሩ ይመልሳል። ማታ ሰው በሌለበት ለሚያትም ስክሪፕት ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። በፖርት 515 የሚሄደው ኤልፒዲም አለ። ከሁለቱም ያረጀ ነው፤ ሌላ ምርጫ ካላጣህ አትንካው።

‹ኤም› «በምን ቋንቋ?» ለሚለው መልስ ናት፤ ሮውን የተካችውም እሷ ናት። ‹ኤቭሪዌር› ስትላት ካፕስ እዚያው ፕሪንተሩን ደውሎ የሚችለውን ሁሉ ያስቆጥረዋል፤ ከዚያ ወረፋውን በመልሱ ልክ ያዘጋጃል። ድራይቨር ፍለጋ የለም። ይህ አይፒፒ ኤቭሪዌር የሚባል ደረጃ ነው፤ በ2013 የወጣ። በ2010 ከመጣው የአፕል ኤርፕሪንት ጋርም ቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ‹ኤርፕሪንት› የሚል ጽሑፍ ያለበት ፕሪንተር ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ይገባል። ልብ በል፤ ትእዛዙን ስትሰጥ ፕሪንተሩ በርቶ መገኘት አለበት። ካልበራ ጥሪውን የሚመልስ ስለሌለ ትእዛዙ ስህተት ብሎ ይመለሳል።

ቀረች ‹ኢ›። ይህች ትልቅ ፊደል ናት፤ ብዙ ሰው ያሳበደችም እሷ ናት። ቦታዋ ትርጉሟን ይቀይረዋል። ከወረፋው ስም በኋላ ስትመጣ «ወረፋውን ክፈት፣ ሥራም ተቀበል» ማለት ነው። ከስሙ በፊት ስትመጣ ግን «ከካፕስ ጋር የማወራው በተመሰጠረ መስመር ይሁን» ማለት ነው። በፊት ያስቀመጣት ሰው ወረፋውን ይተክላል፤ ስህተት የሚል የለም፤ በሩ ግን ተዘግቶ ይቀራል። ሥራ ስትልክ «አልቀበልም» ይልሃል፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። ይህችን እኔም ከአንዴ በላይ ረስቻታለሁ።

ፕሪንተርህ ያረጀ ከሆነና ኤቭሪዌር እምቢ ካለ፣ ያለውን የድራይቨር ዝርዝር በ‹ኤልፒኢንፎ -ኤም› አውጣ። ዝርዝሩ ረጅም ስለሆነ የሞዴሉን ስም በ‹ግሬፕ› አጣራው። ያገኘኸውን ሙሉ መለያ በኤቭሪዌር ቦታ ታስገባለህ፤ አድራሻው እንደ ድሮው ሶኬትና 9100 ሊሆን ይችላል። ካፕስ ድራይቨሮች ወደፊት መሥራት እንደሚያቆሙ የሚያስጠነቅቅ መስመር ይጽፍልሃል። አትደንግጥ፤ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ለአሁኑ ይሠራል። አዲስ ፕሪንተር የምትገዛበት ቀን ሲመጣ ግን አይፒፒ ኤቭሪዌር መኖሩን አስቀድመህ እይ።

አሁን እንሞክረው፤ ግን በሪፖርቱ አትጀምር። አንድ ገጽ ያላት ፒዲኤፍ ፈልግ፦

ኤልፒ -ዲ ሪፖርት ሙከራ.ፒዲኤፍ

የሥራው መለያ ይመጣልሃል፤ የወረፋው ስም፣ ሰረዝ፣ ቁጥር። ቁጥሩን ያዘው። ‹ኤልፒስታት -ኦ› ያልተጨረሱትን ያሳይሃል፤ ያለቁትን ለማየት ‹ኤልፒስታት -ደብሊው ኮምፕሊትድ› ትላለህ፤ እዚህ ላይ ደብሊውዋ ትልቅ ናት።

ሥራው ሄዶ ወረቀቱ ካልወጣ፣ ተነስተህ የፕሪንተሩን ፊት እየው። ብርቱካናማ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ‹ሌተር› የሚባል ወረቀት አስገባ ይልህ ይሆናል። ይህ የድሮ በሽታ ነው። ሌተር ወርዱ 216 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ 279 ነው፤ ኤፎር ደግሞ 210 በ297። የሰርቨሩ ቋንቋ ሲጫን አሜሪካ ተብሎ ከተመረጠ ነባሪው ወረቀት ሌተር ሊሆን ይችላል። ትሪው ውስጥ ያለው ኤፎር ነው። ፕሪንተሩ የሌለውን ወረቀት ይጠብቃል፤ አንተ ደግሞ ፕሪንተሩን። በ‹ኤልፒኦፕሽንስ -ፒ ሪፖርት -ኤል› የወረፋውን አማራጮች አውጣ። ኮከብ ያለበት አሁን የተመረጠው ነው። ኮከቡ ሌተር ላይ ካረፈ፦

ሱዱ ኤልፒአድሚን -ፒ ሪፖርት -ኦ ፔጅሳይዝ=ኤ4

‹ፔጅ› እና ‹ሳይዝ› ተጣብቀው ይጻፋሉ፤ የሁለቱም የመጀመሪያ ፊደል ትልቅ ነው፤ የኤ4 ‹ኤ› ደግሞ እንደዚያው።

እዚህ ላይ ስለ ስክሪፕትህ አንድ ነገር ልበል። ነባሪ ፕሪንተር መምረጥ ትችላለህ፤ ‹ኤልፒአድሚን -ዲ ሪፖርት› ለሁሉም ተጠቃሚ ይመርጣል። ‹ኤልፒኦፕሽንስ -ዲ› ግን ማን ሆነህ እንዳዘዝከው ይለያያል፤ ሩት (የማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ) ሆነህ ካዘዝክ ለሁሉም ነው፣ ተራ ተጠቃሚ ከሆንክ ለራስህ ብቻ። በእጅህ ስትሞክረው የሚሠራ ስክሪፕት ማታ ትእዛዝን በሰዓቱ በሚያስነሳው በክሮን ሲነሳ «ነባሪ ፕሪንተር የለም» ብሎ የሚሞተው በዚህ ጉድ ነው፤ ክሮኑ በሌላ ተጠቃሚ ስም ይሮጣል። ስለዚህ ስክሪፕት ውስጥ በነባሪ አትመካ። የወረፋውን ስም በግልጽ ጻፈው፤ የምትፈልገውንም እዚያው ጨምርበት፦

ኤልፒ -ዲ ሪፖርት -ኤን 2 -ኦ ሳይድስ=ቱ-ሳይድድ-ሎንግ-ኤጅ ሪፖርት.ፒዲኤፍ

ይህ ሁለት ቅጂ፣ ፊትና ጀርባ፣ እንደ መጽሐፍ በረጅሙ ጠርዝ የሚገለጥ ማለት ነው።

ሦስተኛውን ጥያቄ፣ የበሩን ነገር፣ አልረሳሁትም። ካፕስ ሁለት በር አለው፤ ሰዎች አንድ ይመስላቸዋል። የፊት በሩ ሥራ መቀበል ነው። የጓሮ በሩ የተቀበለውን ወደ ፕሪንተሩ መላክ ነው። የጓሮው ሲዘጋ ኤልፒስታት ‹ዲሴብልድ› ይልሃል፤ ሥራ ይገባል፣ ይደረደራል፣ አይወጣም። የፊተኛው ሲዘጋ ደግሞ ገና ስትልክ «አልቀበልም» ይልሃል። የጓሮውን ‹ካፕስኢኔብል› ይከፍተዋል፣ የፊቱን ‹ካፕስአክሰፕት›፤ ሁለቱም ቀጥሎ የወረፋውን ስም ይፈልጋሉ። የጓሮ በሩ ራሱን የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሥራ ሲከሽፍና የስህተት ደንቡ «ፕሪንተሩን አቁም» የሚል ሲሆን ነው። ማታ ሰው ለማይኖርበት ሰርቨር ይህ ደንብ አይስማማም፤ አንድ የተበላሸ ፋይል የሳምንቱን ሪፖርት ያስቆምብሃል። ስለዚህ፦

ሱዱ ኤልፒአድሚን -ፒ ሪፖርት -ኦ ፕሪንተር-ኤረር-ፖሊሲ=ሪትራይ-ጆብ

ሥራው ከከሸፈ ቆይቶ ይሞክረዋል እንጂ በሩን አይዘጋም።

ስለ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ጠይቀሃል። ይቻላል። ግን መጀመሪያ ያስፈልጋል ወይ? ፕሪንተሩ አይፒፒ የሚናገር ከሆነና ሁሉም በአንድ ኔትወርክ ላይ ካሉ፣ እያንዳንዱ በቀጥታ ወደ ፕሪንተሩ ቢያትም ይሻላል። በሰርቨርህ በኩል ካደረግከው፣ ሰርቨሩ ዝመና ላይ በዋለ ቀን ሁሉም ሰው አንተን ነው የሚፈልግህ። በሰርቨር በኩል ማድረግ የሚያዋጣው ፕሪንተሩ አሮጌ ሆኖ ድራይቨሩ ሰርቨሩ ላይ ብቻ ሲኖር፣ ወይም ፕሪንተሩ ሌሎቹ በማይደርሱበት ኔትወርክ ላይ ሲሆን ነው። ከሁለቱ አንዱ ከሆንክ፦

ሱዱ ካፕስሲቲኤል --ሼር-ፕሪንተርስ

ሱዱ ኤልፒአድሚን -ፒ ሪፖርት -ኦ ፕሪንተር-ኢዝ-ሼርድ=ትሩ

የመጀመሪያው ካፕስን በጠቅላላ ያጋራል፣ ሁለተኛው ይህቺን ወረፋ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ፋየርዎል ካለህ ቲሲፒ 631ን ለውስጥ ኔትወርክ ብቻ ክፈት። ሌሎቹ ወረፋውን በራሳቸው ካላዩት፣ አድራሻውን በእጅ ይጻፉ፤ አይፒፒ፣ የሰርቨሩ አይፒ፣ ‹ፕሪንተርስ›፣ የወረፋው ስም፣ በመሃላቸው ያዘነበለ ሰረዝ። ‹--ሪሞት-ኤኒ› የሚል አማራጭም ታገኛለህ። ከየትም የመጣ ሰው ይግባ ማለት ነው። ተወው።

ደህንነቱን ካነሳን አይቀር፣ ‹ካፕስ-ብራውዝድ› የሚባል አጋዥ አገልግሎት ሰርቨርህ ላይ ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ሥራው በኔትወርኩ ያሉ ፕሪንተሮችን ፈልጎ ራሱ መትከል ነው። በሴፕቴምበር 2024 ትልቅ ክፍተት ወጣበት። በዩዲፒ 631 የሚመጣለትን መልእክት ከማንም ቢሆን ያምን ነበር፤ ተንኮለኛ ሰው የውሸት ፕሪንተር አስተክሎ፣ በእሱ ላይ ህትመት ሲላክ የራሱን ትእዛዝ ሰርቨሩ ላይ ማስኬድ ይችል ነበር። ማስተካከያው ወጥቷል። አንተ ግን ወረፋህን በእጅህ ስለተከልክ አገልግሎቱ ከነጭራሹ አያስፈልግህም፦

ሱዱ ሲስተምሲቲኤል ዲሴብል --ናው ካፕስ-ብራውዝድ

ይህን ስታጠፋ ‹ሪፖርት› የምትለው ወረፋህ አይነካም።

ይህ ሁሉ ሆኖ እምቢ ካለ፣ መገመት ትተን ሎጉን እንጠይቅ። ‹ሱዱ ካፕስሲቲኤል --ዲበግ-ሎጊንግ› ብለህ ዝርዝር ምዝገባውን አብራ። አንድ ፋይል ብቻ ላክ፤ ቁጥሩን ያዝ። ‹ኤረር_ሎግ› የሚባለው ፋይል ‹ቫር›፣ ‹ሎግ›፣ ‹ካፕስ› ፎልደር ውስጥ ነው። የዚያ ሥራ ቁጥር ያለባቸውን መስመሮች በግሬፕ ለይተህ አውጣ። ከላይ ወደ ታች ስታነብ ፋይሉ ከምን ወደ ምን እንደተቀየረ፣ ከዚያ ወደየትኛው አድራሻ እንደሄደ፣ የትኛው እርከን ላይ እንደወደቀ ተራ በተራ ታየዋለህ። ስትጨርስ ‹--ኖ-ዲበግ-ሎጊንግ› ብለህ አጥፋው፤ ካልሆነ ሎጉ በየቀኑ ይወፍራል።

መልሰህ ከጻፍክልኝ ሦስት ነገር ይዘህ ና፤ የ‹ኤልፒስታት -ቲ› ውጤት፣ የዚያች ሥራ የሎግ መስመሮች፣ የፕሪንተሩ ትክክለኛ ሞዴል። እነዚህ ካሉ መልሱ ብዙ ጊዜ አይፈጅም።